የጥናት ጽሑፍ ሲበዛ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ኮምቦልቻ ተቀምጦ ስለ ቦርከና ወንዝ ብክለት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽን ጉግል ስኮላር ላይ ሲፈልግ አንብቦ የማይዘልቀው ጥናት ይዘረገፍለታል። ጭንቀቱ ግን ከኢንተርኔት ጋር የመጣ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ የሳይንስ ጆርናሎች በ1665 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስና በለንደን ከወጡ ወዲህ ተመራማሪዎች መላ ሲፈልጉለት ኖረዋል።

ምልክት፦ ላፕቶፑ በፒዲኤፍ ተሞልቷል፤ የተነበበው ግን ጥቂት ነው።
መንስኤ፦ ሳይመርጡ ማውረድ።
መፍትሄ፦ በጀርመኗ ላይፕዚግ በ1830 የተጀመረው የማጠቃለያ መጽሔትም ሆነ አሜሪካውያን በ1907 የመሠረቱት የኬሚስትሪ ጥናቶች ማጠቃለያ «ኬሚካል አብስትራክትስ» ዓላማቸው አንባቢው ማጠቃለያውን አይቶ ሙሉውን ማንበብ አለማንበቡን እንዲወስን ነበር። ስለሆነም አኅጽሮተ ጥናቱን አንብበው፣ ናሙናው ከየት እንደተወሰደና ምን እንደተለካ ካዩ በኋላ ብቻ ያውርዱ።

ምልክት፦ ያነበቡት ነጥብ የት እንደነበረ ይጠፋል።
መንስኤ፦ ማስታወሻው የተያዘው በንባብ ቅደም ተከተል ነው።
መፍትሄ፦ ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳደረገው፣ በየርዕሱ መደርደር እንዲቻል አንዱን ነጥብ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ይጻፉ፤ ዞተሮ የተባለው የዋቢና የማስታወሻ ማደራጃ ሶፍትዌርም ይህንኑ ሥራ ያቀልላል።

ምልክት፦ ብዙ ፈልገው ሳለ አማካሪዎ ዋናው ጥናት እንደቀረ ይነግሩዎታል።
መንስኤ፦ ፍለጋው በቃላት ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ጸሐፊ «የፋብሪካ ፍሳሽ» ያለውን ሌላው «የማቅለሚያ ዝቃጭ ውሃ» ይለዋል።
መፍትሄ፦ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው መላ ይህ ነው። አሜሪካዊው የመረጃ ሳይንስ ባለሙያ ዩጂን ጋርፊልድ የአገሩ ጠበቆች አንድ የፍርድ ውሳኔ በኋላ በየትኞቹ ውሳኔዎች እንደተጠቀሰ የሚያዩበትን መዝገብ አርአያ አድርጎ በ1964 የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫን አሳተመ። አንድ አስተማማኝ ጥናት ከያዙ በዋቢዎቹ ወደ ኋላ፣ ያንኑ ጥናት በኋላ በጠቀሱት ጽሑፎች ደግሞ ወደ ፊት መሄድ ይቻላል። ሆኖም ብዙ መጠቀስ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ የሚነቀፍ ጥናትም ይጠቀሳልና።

ምልክት፦ ንባቡ ማብቂያ የለውም።
መንስኤ፦ ሁሉንም የማዳረስ ምኞት። የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው ዴሪክ ፕራይስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጆርናሎች ቁጥር በ15 ዓመት ገደማ እጥፍ እንደሚሆን አስልቶ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ማዳረስ አይታሰብም።
መፍትሄ፦ የለንደኑ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብራድፎርድ በ1934 እንዳሳየው፣ የአንድ ርዕስ ጽሑፍ ትልቅ ድርሻ የሚገኘው በጥቂት ጆርናሎች ውስጥ ነው። እነዚያን ለይተው ይከታተሉ፤ ዋቢዎቹ መደጋገም ሲጀምሩ ንባቡን ገታ አድርገው ወደ መጻፍ ይለፉ። የፈለጉት ጽሑፍ በክፍያ ከተቆለፈ ደግሞ ካርድዎን ከማውጣትዎ በፊት ተቋምዎ ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጥናቶችን በነጻ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ መመዝገቡን የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ይጠይቁ።