ፒስተንና ቢየላ ሲቀየር፦ ከመፍቻ በፊት መለኪያ

ሞተር ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣና ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጥረው፣ ባለመኪናው አብዛኛውን ጊዜ ፒስተን እንዲቀየርለት ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ያረጀ የቫልቭ ጎሚኒም (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይሰርግ የሚያግደው ጎማ) ተመሳሳይ ጭስ ስለሚያወጣ፣ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያምቀው አየር ግፊት፣ መለካት አለበት። ዝቅ ብሎ በተገኘው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይገባል፤ ንባቡ በግልጽ ከጨመረ ያለቀው ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባው ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው፣ ካልጨመረ ግን ችግሩ ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ያመለክታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ ቃሊቲም ሆነ ገላን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያሉ በመሆናቸው አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እንኳ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ዝቅ ብሎ ይነበባል። በዚህ ምክንያት ብቻ ያለጊዜያቸው የተፈቱ ሞተሮች አይቻለሁ። ከመመሪያው ቁጥር ይልቅ ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት የበለጠ ይናገራል።

መፍታቱ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ባትሪው ተነቅሎ፣ ውሃውና ዘይቱ ተቀድቶ፣ ቺንጋው፣ ቴስታታው፣ ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት መያዣ) እና የዘይት መሳቢያው ይወርዳሉ። ቀጥሎ የሲሊንደሩን አፍ በጥፍር መዳሰስ ያስፈልጋል። ፋሻው የማይደርስበት የላይኛው ጠርዝ ሳይበላ ስለሚቀር፣ ጥፍር የሚያቆም ትንሽ ደረጃ እዚያ ይገኛል። ይህ ደረጃ ሳይነሳ ፒስተኑ በግድ ቢገፋ የፋሻው መቀመጫ ይሰበራል።

ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘዋሪ ዘንግ ጋር የሚያያዘው ክፍል) ከመፈታቱ በፊት ዘንጉም ክዳኑም በአንድ በኩል የሲሊንደሩ ቁጥር ይጻፍባቸው። የቢየላ ክዳን የሚሞረደው ከራሱ ዘንግ ጋር ተገጥሞ ስለሆነ የሌላውን አይተካም። አንድ ጊዜ እኛ ጋራዥ የሁለተኛውና የሦስተኛው ክዳን ተለዋውጠው ተገጥመው ነበር፤ ኮሎው በእጅ አልዞር ሲል ሁሉንም እንደገና ፈታን፣ ሁለት አዳዲስ ብሮንዚናዎችም (በቢየላውና በኮሎው መካከል የሚቀመጡ ስስ ቅርፊቶች) ተጭረው ተጣሉ። በአራት ሲሊንደር ሞተር አንደኛውና አራተኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው ስለሚወርዱ፣ ኮሎውን እያዞሩ የሚፈታውን ፒስተን ወደ ታች ማውረድ ሥራውን ያቀላል። የቢየላው ቡሎን ከዘንጉ ጋር የሚቀር ዓይነት ከሆነ ጫፉ ላይ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ይሰካበት፤ ኮሎውን የሚጭረው ብዙውን ጊዜ ይህ ጫፍ ነው። ከዚያ ፒስተኑ በመዶሻ እጀታ ወደ ላይ ተገፍቶ ይወጣል።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ከፍታ በኮሎው አቅጣጫና በአግድሙ ይለካል፤ አበላሉ ከላይኛው ክፍል ስለሚበዛ የላይና የታች ልዩነቱ መጥበቡን፣ የሁለቱ አቅጣጫዎች ልዩነት ደግሞ መሞላለሉን ያሳያል። መጠኑ ከመመሪያው ወሰን ካለፈ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ለ0.25 ወይም ለ0.50 ሚሊሜትር ትልቅ ፒስተን ይሞረዳል። ይሁንና ፒስተኑ ተገዝቶ ሳይለካ ሲሊንደሩ መሞረድ የለበትም፤ ካርቶኑ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባቸው ፒስተኖች እርስ በርስ ሊለያዩ ስለሚችሉ ቶርኖ ቤቱ በእጁ ባለው ፒስተን ልክ ይሥራ። ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ ቢየላ የሚገዛ ሰው ደግሞ መጣመሙን ማስለካትና ከቀሩት ሦስቱ ጋር በዲጂታል ሚዛን ማመዛዘን አለበት።

ተሞርዶ የመጣ ብሎክ በቤንዚን ብቻ አይጸዳም። ቤንዚን ዘይቱን ያነሣል እንጂ የመሞረጃውን ድንጋይ ደቃቅ ብናኝ አያወጣም፤ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፣ ነጭ ጨርቅ ሲታሽበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መደገም አለበት፣ እንደ ደረቀም ወዲያው ዘይት ይቀባል። በእኛ አካባቢ በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከኮረኮንቹ መንገድ አቧራ ስለሚያነሣ፣ ገጠማውን የምንሠራው በጠዋት ነው።

አዲሱ ፋሻ ወደ ፒስተኑ ከመግባቱ በፊት ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ፣ በፒስተን አናት ቀጥ ተደርጎ፣ የጫፎቹ ክፍተት ይለካል። ወደ 80 ሚሊሜትር ለሚጠጋ ሲሊንደር 0.30 ሚሊሜትር አካባቢ የተለመደ ነው፤ ከጠበበ ፋሻው ሲግል ጫፎቹ ተጋጭተው ሲሊንደሩን ይጭራሉ። ምልክት ያለበት ገጹ ወደ ላይ ይሁን፣ የፋሻዎቹ ክፍተቶችም በአንድ መስመር አይግጠሙ። በፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወይም ነጥብ ወደ ሞተሩ ፊት ይዞራል፤ በብዙ ሞተሮች የስፒኖቱ (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያዘው ፒን) ቀዳዳ ከመካከል ትንሽ ዘወር ያለ ስለሆነ፣ ተገልብጦ የተገጠመ ፒስተን በተለይ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል።

ብሮንዚናው በጀርባው ደረቅ፣ በፊቱ ዘይት የተቀባ ሆኖ ይቀመጣል። ፋሻው በማጥበቂያ ቀለበት ታስሮ ፒስተኑ በመዶሻ እጀታ ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ መንገድ ላይ ከቆመ አንድ ፋሻ ወጥቷልና ማስገደድ ሳይሆን አውጥቶ ማየት ይገባል። ክዳኑ በመመሪያው ልክ በቶርክ መፍቻ ይጠብቃል፤ ከመጀመሪያው ጥበቃ በኋላ 90 ዲግሪ እንዲዞር የሚታዘዝ ቡሎን የሚሳብ ስለሆነ፣ ርዝመቱ ወይም ውፍረቱ ከወሰኑ ወጥቶ ከተገኘ በአዲስ መተካት አለበት። እያንዳንዱ ክዳን በጠበቀ ቁጥር ኮሎው በእጅ ይዞር፤ በድንገት ከከበደ ጥፋቱ መጨረሻ የተገጠመው ላይ ነው።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ፣ ማቀጣጠያውና ነዳጁ ተቋርጠው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ መዞር አለበት። ከዚያም በፊት ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ተነቅሎ ውስጡ በጣት ይታሽ። ጣት ላይ ቀይ አቧራ ከወጣ አሮጌውን ፋሻ የበላው ይኸው ስለሆነ፣ የተሰነጠቀው ቱቦ ወይም የላላው ማሰሪያ ሳይቀየር አዲሱ ሞተር አይነሳ።