ነፍሳትን ለመድኃኒት ሙከራ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ውሁድ በላብራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያን ገደለ ማለት በሕያው አካል ውስጥም በሽታን ይፈውሳል ማለት አይደለም። በሳህኑና በአይጥ ሙከራ መካከል ያለውን ክፍተት ለማጥበብ ተመራማሪዎች የሰም እራት (የንብ ሰም የሚበላ የእሳት እራት ዓይነት) እጭን፣ የሐር ትልንና የፍራፍሬ ዝንብን የሙከራ እንስሳ አድርገው ይጠቀማሉ። ምርጫው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሳይንቲስቱ ጁል ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ቶል የተባለው ዘረ-መል ዝንብን ከሻጋታ በሽታ ለመከላከል የሚጫወተውን ሚና በማሳየቱ ሲሆን፣ የዚሁ ዘረ-መል ዘመዶች በሰው አካል ውስጥም ተቀራራቢ የመከላከል ሥራ ይሠራሉ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የታይሮይድ ካንሰር የተፈቀደው ቫንዴታኒብ የተባለው መድኃኒትም፣ ለካንሰሩ መንስኤ የሚሆነው የተበላሸ ዘረ-መል በገባባቸው ዝንቦች ላይ ቀደም ብሎ ተሞክሮ ውጤት አሳይቶ ነበር።

ይሁንና ነፍሳት ርካሽና በብዛት የሚገኙ መሆናቸው ራሱ ያዘናጋል። አይጥ በመርፌ ከመወጋቷ በፊት ክብደቷ፣ ዕድሜዋ፣ የሚሰጣት መጠንና የምትነጻጸርበት ቡድን ሁሉ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ሙከራው በእጭ ሲሆን ግን ያው ጠንቃቃ ተመራማሪ ግማሹን «ትል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ መዘናጋት የሚመነጩ ናቸው።

ጥያቄውን ሳይለዩ ነፍሳቱን መምረጥ

ላብራቶሪው ዝንብ ስለሚያረባ ብቻ ሁሉንም ነገር በዝንብ መሞከር የተለመደ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ የሚመቻት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ መርዛማነቱ በሰው የሰውነት ሙቀት ብቻ የሚገለጥ ተህዋስን ለማጥናት አትሆንም። የሰም እራት እጭ በአንጻሩ 37 ዲግሪን ለቀናት ስለሚቋቋም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይመረጣል። ዝንብ የምትበልጠው በዘረ-መል ጥናት ነው፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተከማቸ ዕውቀትና እንደ ልብ የሚቀያየር ዘረ-መል አላት። የሐር ትል ደግሞ ትልቅ ስለሆነ መድኃኒቱን በደሙ ውስጥ ወይም በአንጀቱ ውስጥ ለይቶ ለመውጋት ያመቻል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረጉት ላይሶሲን ኢ የተባለ አንቲባዮቲክ የተገኘው የአፈር ባክቴሪያዎች የሚያመነጯቸውን ውሁዶች በታመሙ የሐር ትሎች ላይ እየሞከሩ፣ ትሎቹን ከሞት የሚያተርፈውን በመለየት ነበር።

ምንጫቸው ያልታወቀ እጮችን መጠቀም

የሰም እራት እጭ በብዙ አገሮች ለዓሣ ማጥመጃና ለእንሽላሊት ምግብነት ይሸጣል። ለዚህ ገበያ የሚያረቡ ሰዎች እጮቹ በበሽታ እንዳያልቁባቸው አንቲባዮቲክ፣ ቶሎ ወደ ሙሽሬነት (በእጭና በእራት መካከል ወዳለው ደረጃ) እንዳይለወጡባቸውም ሆርሞን በቀለባቸው ውስጥ ሊጨምሩ ይችላሉ። አስቀድሞ አንቲባዮቲክ በበላ እጭ ላይ አንቲባዮቲክ መሞከር ምን ዓይነት ውጤት እንደሚያስከትል መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ እጮቹን በራስ ማርባት ወይም ለምርምር ብሎ ከሚያረባ አቅራቢ መግዛት ይገባል። ከዚያም ክብደታቸው የተቀራረበ፣ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም የሚመዝኑ፣ ቀለማቸው ነጣ ያለና ጥቁር ነጠብጣብ የሌለባቸው ይመረጣሉ። በቅዝቃዜ ለረጅም ጊዜ ተከማችተው ወይም ተርበው የቆዩ እጮች በሽታ የመከላከል አቅማቸው ስለሚለወጥ፣ የዛሬ ሳምንት የተገዛውንና ትናንት የመጣውን በአንድ ሙከራ ማደባለቅ አይገባም።

የማነጻጸሪያ ቡድኖችን ማጓደል

ከሁሉ የከፋውና ከሁሉ በቀላሉ የሚታረመው ይህ ነው። የተለመደው አሠራር እጯን በጀርባዋ አስተኝቶ፣ ከሆዷ ሥር ካሉት አጫጭር እግሮች በመጨረሻው በኩል፣ በጣም ቀጭን መርፌ ባለው ትክክለኛ ሲሪንጅ 10 ማይክሮሊትር ያህል ፈሳሽ መውጋት ነው። እጯ ስትነካ ትጠቀለላለች፤ መርፌው ጥቂት ጠልቆ ከገባ አንጀቷን ይበሳና በውስጡ ያለው ባክቴሪያ ወደ ደሟ ይፈስሳል። እንዲህ የሞተች እጭ በማግስቱ ጠቁራ ስትገኝ፣ የገደላት ተህዋሱ ይሁን የባለሙያው እጅ በዓይን አይለይም። ከዚህም በላይ ንጹሕ ውኃ እንኳ ቢወጋ መርፌው ራሱ የመከላከያ ሥርዓቷን ስለሚያነቃው፣ ከመርፌው በኋላ ለሚመጣው በሽታ የተሻለ ዝግጁ ልትሆን ትችላለች።

ስለሆነም ፈጽሞ ያልተነካ ቡድን፣ ተህዋስ የሌለበት የጨው ውሕድ ብቻ የተወጋ ቡድን፣ መድኃኒቱን ያለ ተህዋስ የወሰደ ቡድን፣ እንዲሁም ተህዋሱን ተቀብሎ መድኃኒት ያላገኘ ቡድን ሁሉም ሊኖሩ ይገባል። ውሁዱ ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሚያ ወይም በአልኮል የሟሟ ከሆነ አሟሚው ፈሳሽ ብቻውን የሚወጋበት ቡድንም ይጨመራል። በጨው ውሕድ ከተወጉት መካከል ብዙዎቹ ከሞቱ ቁጥሩን ለማስተካከል ከመሞከር ይልቅ ሙከራውን እንዳለ መጣል ይሻላል። የተወጋው የባክቴሪያ ብዛትም በፈሳሹ ድፍርስነት ልኬት ብቻ መተው የለበትም፤ ከዚያው ፈሳሽ ጥቂቱን በሳህን ላይ ዘርቶ የበቀለውን መቁጠር ያስፈልጋል።

በምግቡ የተጨመረውን መጠን እንደተወሰደ መጠን መቁጠር

መድኃኒት በዝንቦች ምግብ ውስጥ ተቀላቅሎ ሲሰጥ በጽሑፍ የሚሰፍረው በምግቡ ውስጥ ያለው መጠን እንጂ ዝንቧ የወሰደችው አይደለም። መድኃኒቱ መራራ ከሆነ ዝንቧ ትበላው ዘንድ የሚያስገድዳት ነገር የለም። ጉዳዩ በተለይ በዕድሜ ጥናት ላይ አሳሳች ነው፤ ዝንብ ምግብ ሲቀነስላት ዕድሜዋ እንደሚረዝም በሚገባ የታወቀ ስለሆነ፣ በመራራነቱ ብቻ የምግብ ፍላጎቷን የዘጋ ውሁድ ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት መስሎ ሊቀርብ ይችላል። በምግቡ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጨምሮ በሆዷ ውስጥ የገባውን መለካት፣ ወይም ፈሳሽ ምግብን ልኬት ባለው ቀጭን ቱቦ አቅርቦ የጎደለውን ማንበብ ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። እንቁላል የምትጥል እንስት ከወንዱ የበለጠ ስለምትበላ ጾታዎቹን ለያይቶ መሞከርም ግድ ይላል።

ለነፍሳት መርዝ የሆነውን ለሰውም መርዝ አድርጎ መደምደም

የአይቨርሜክቲን ጉዳይ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ይህ መድኃኒት ነፍሳትንና ጥገኛ ትሎችን የሚያሽመደምደው ግሉታሜት የተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ የሚከፍታቸውን፣ በሕዋሳት ላይ ያሉ የክሎራይድ መግቢያ በሮች በመያዝ ነው፤ እነዚህ በሮች የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ውስጥ የሉም፣ መድኃኒቱም ወደ አንጎል እንዳይዘልቅ የሚያግደው መከላከያ አለ። የደኅንነት ማጣሪያው ዝንብ ብቻ ብትሆን ኖሮ አይቨርሜክቲን ገና በመጀመሪያው ቀን ይጣል ነበር፤ ያገኙት ሳይንቲስቶች ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ለኖቤል ሽልማት በቅተዋል።

ተቃራኒውም ስህተት እንዲሁ ከባድ ነው። ነፍሳት ኮሌስትሮልን በራሳቸው አያመርቱም፣ ከምግባቸው ያገኙታል፤ ስለዚህ የኮሌስትሮል ምርትን የሚቀንስ መድኃኒት ዋና ውጤት በእነርሱ ላይ ሊለካ አይችልም። ሳንባ የላቸውም፤ ደማቸው ዝግ በሆነ የደም ሥር ውስጥ አይዘዋወርም፤ የጉበትን ሥራ በከፊል የሚሠራላቸው የስብ አካል የተባለው ክፍል ቢሆንም መድኃኒትን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞቻቸው ከእኛ ጋር አንድ አይደሉም። ፀረ እንግዳ አካልም ስለማያመርቱ በዚያ ላይ የተመሠረተ ክትባት በነፍሳት አይፈተንም። በእኔ እይታ ነፍሳት ለአይጥ ሙከራ የማይበቁ ውሁዶችን አስቀድሞ ለመጣል እጅግ ጥሩ ናቸው፤ መድኃኒቱ ለሰው የሚሰጥበትን መጠን ለመተንበይ ግን አይታመኑም።

ሞትን ብቻ መቁጠር፣ የተቆጠረውንም በስህተት ማስላት

እጭ ሞተች የሚባለው ተነክታ ሳትንቀሳቀስ ስትቀር ነው። ነገር ግን ከሞት በፊት ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቀለም በሰውነቷ ላይ እየጨመረ ትጠቁራለች፣ እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል፣ የሐር ድር መሥራቷንም ታቆማለች፤ እነዚህን በየቀኑ መመዝገብ ሞትን ብቻ ሲቆጥሩ የማይታየውን ልዩነት ያሳያል። ወደ ሙሽሬነት የተለወጠችው ከሞቱት ጋር አትደመርም። በስሌት በኩል ደግሞ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ የባክቴሪያ ዝግጅት የተወጉ 30 እጮች 30 ራሳቸውን የቻሉ ሙከራዎች አይደሉም፤ አዲስ እጭና አዲስ የባክቴሪያ ዝግጅት በሌላ ቀን ካልተደገመ ውጤቱ አንድ ሙከራ ብቻ ነው።

ሕግ ስለማይከለክል ጥንቃቄን መተው

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የሙከራ እንስሳት መመሪያ የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳትና የኦክቶፐስን ወገን እንጂ ነፍሳትን አይመለከትም። ፈቃድ አለመጠየቁ ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን በሰው ላይ በሽታ የሚያመጣ ተህዋስ የተወጋች እጭ ስስ ፕላስቲክን በስታ ልትወጣ፣ ካልተከታተሏትም ወደ እራትነት ተለውጣ ልትበርር ትችላለች። ሳህኑ በደንብ ሊከደን፣ የእጮቹ ቁጥር በየቀኑ ከመዝገቡ ጋር ሊመሳከር ይገባል። ሙከራው ሲያበቃም የሞቱትም በሕይወት ያሉትም በማቀዝቀዣ በረዶ እስኪሆኑ ከቆዩ በኋላ በከፍተኛ የእንፋሎት ሙቀት ከተህዋስ እንዲጸዱ ይደረጋል እንጂ ወደ ተራ ቆሻሻ መጣያ አይሄዱም።