ማርጋሪታ በማቻ፦ ዱቄቱ ሳይጓጉል፣ ቀለሙም ሳይደበዝዝ

ማርጋሪታ ከተኪላ፣ ከብርቱካን ሊኬር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) እና ከሎሚ ጭማቂ ተቀላቅሎ፣ ጠርዙ ጨው በተቀባ ብርጭቆ የሚቀርብ ኮክቴል ነው። ማቻ የተባለው የጃፓን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ሲጨመርበት ግን ዋናው ጥንቃቄ ከአልኮሉ ይልቅ ወደ ዱቄቱ ይዞራል፤ ምክንያቱም ማቻ እንደ ስኳር ሟሙቶ አይጠፋም፣ በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ ይቆያል እንጂ። በጥድፊያ የተቀላቀለ እንደሆነ ይጓጉላል፣ ጥቂት ሲቆይም ይዘቅጣል፣ የመጨረሻው ጉንጭ ደግሞ አሸዋ አሸዋ ይላል።

የማቻ ቅጠል ከመቀንጠሱ በፊት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ከፀሐይ ተከልሎ እንዲያድግ ይደረጋል፤ ብርሃን ያነሰው ቅጠል ብዙ ክሎሮፊል (የቅጠሉን አረንጓዴ ቀለም) ስለሚያመርት ቀለሙ ይደምቃል፣ ምሬቱም ይለዝባል። ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይደርቃል፣ ግንዱና ጅማቱ ተለቅሞ በድንጋይ ወፍጮ ይልማል። በኪዮቶ አቅራቢያ የምትገኘው ኡጂና በአይቺ ግዛት ያለችው ኒሺዮ በዚህ ምርት የታወቁ ናቸው። ለሻይ ሥነ ሥርዓት የሚዘጋጀውን ውዱን ዓይነት ለኮክቴል መግዛት በእኔ አስተያየት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ረቂቅ ጣዕሙን ተኪላውና ሎሚው ይውጡታል። ይሁን እንጂ ቀለሙ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቡናማነት ያደላውን ማቻ ርካሽ ነው ብለው አይውሰዱ፤ አርጅቷል ወይም አየርና ብርሃን አግኝቶታል፣ መጠጡንም የደረቀ ሣር ሣር እንዲል ያደርገዋል።

ተኪላው በበርሜል ብዙ ያልቆየው፣ ብላንኮ የሚባለው ቢሆን ይመረጣል፤ ቢያንስ ሁለት ወር በእንጨት በርሜል የሚያርፈው ሬፖሳዶ የሚያመጣው የእንጨት ጣዕም ከሻዩ ጋር ይጋፋል። ጠርሙሱ ላይ «100% ዴ አጋቬ» የሚል ጽሑፍ መኖሩንም ይመልከቱ፤ ይህ የሌለበት ተኪላ እስከ 49 በመቶ የሚሆነው ስኳሩ ከአጋቬ ውጭ ከሌላ ምንጭ ሊመጣ ይችላል። (አጋቬ ተኪላ የሚሠራበት ተክል ሲሆን ገመድ የሚፈተልበት የቃጫ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው።) ሎሚን በተመለከተ በአገራችን ገበያ የሚሸጠው ትንሹ፣ ልጣጩ ስስ የሆነው ሎሚ ለማርጋሪታ ተስማሚ ነው። በውጭ አገር የሚኖር አንባቢም ትልቁን ቢጫ ሎሚ ትቶ አረንጓዴውን ይምረጥ።

ለአንድ ብርጭቆ 1.5 ግራም ማቻ፣ ማለትም ከአንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ጥቂት የሚያንስ፣ ከ25 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ከ50 ሚሊ ሊትር ተኪላ፣ ከ20 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ሊኬር፣ ከ25 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና ከ10 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ ጋር ይበቃል። ሽሮፑ እኩል መጠን ያላቸው ስኳርና ውኃ ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ተሞቀው የሚሠሩት ሲሆን ቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት። በእሱ ፈንታ በለብ ያለ ውኃ የቀጠነ ነጭ ማር መጠቀም ይቻላል፤ ጠቆር ያለ ማር ግን ሻዩን ይሸፍነዋል።

በመጀመሪያ የብርጭቆውን ጠርዝ በሎሚ ቁራጭ አርሰው ጎርበጥ ያለ ጨው ላይ ያንከባልሉት። ግማሹን ብቻ ጨው ማስያዝ ጥሩ ነው፤ ጠጪው ያለ ጨውም መቅመስ ይችላል። ቀጥሎ ማቻውን በደቃቅ ወንፊት ወደ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይንፉት፤ ይህ እርምጃ ከተዘለለ በኋላ የሚደረግ መምታት ሁሉ ጉብታውን አያጠፋውም። ውኃው 75 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለምትበልጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሆኖም ይህም ለማቻ ይበዛበታልና ከምድጃ ካወጡት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ያሳርፉት፤ በጣም የሞቀ ውኃ ምሬቱን ያወጣዋል። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ብቻ ጨምረው እንደ ወፍራም ሊጥ ያሹት፣ ቀሪውን ውኃ ጨምረው ደግሞ በቀርከሃ መምቻ ወይም በትንሿ የወተት አረፋ መምቻ ላዩ እስኪያረፋ ድረስ ይምቱት።

የተመታው ማቻ ሲበርድ ወደ ሼከር (ክዳን ያለው የመጠጥ መነቅነቂያ) ይገልበጥ፣ ተኪላው፣ ሊኬሩና ሽሮፑም ይከተሉት። የሎሚ ጭማቂው በመጨረሻ ይገባል፤ አሲዱ የክሎሮፊሉን አረንጓዴ ቀስ በቀስ ወደ ወይራ ቀለም ስለሚለውጠው አብረው የሚቆዩበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር መጠጡ ደምቆ ይቀርባል። ሼከሩን በበረዶ ሞልተው የውጭው ግድግዳ ጉም እስኪለብስ፣ 15 ሰከንድ ያህል፣ በኃይል ይነቅንቁት፤ ከዚያ በደቃቅ ወንፊት አሳልፈው አዲስ በረዶ በያዘው ብርጭቆ ላይ ይቅዱት። ሲቀምሱት ጎምዛዛ ከሆነብዎ ሽሮፕ እንጂ ተጨማሪ ሊኬር አይጨምሩ፤ ሊኬሩ የአልኮሉን መጠን ከፍ አድርጎ የሻዩን ጣዕም በብርቱካን ይሸፍነዋል።

ማቻ ካፌይን እንዳለው መዘንጋት የለበትም። ካፌይን የስካርን ስሜት ይደብቃል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም፤ ስለዚህ ጠጪው ንቁ ነኝ ብሎ መሪ መጨበጥ የለበትም፣ እንቅልፍ የሚነሳው ሰውም በማምሻ ባይወስደው ይሻላል።

ለብዙ እንግዳ ሲሆን ተኪላውን፣ ሊኬሩንና ሽሮፑን በአንድ ጠርሙስ ቀላቅሎ በፍሪጅ ማቆየት ያመቻል፤ ሎሚው ግን በዕለቱ ይጨመቃል፣ ማቻውም ለየብርጭቆው መጠጡ በሚቀርብበት ሰዓት ይመታል።