ለደም መርጋት ምርመራ ናሙና አወሳሰድ

ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩት የፒቲ (PT) ወይም የኤፒቲቲ (aPTT) ምርመራዎች ውጤት ሲዛባ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ቱቦውን እዩ። ሰማያዊ ክዳን ያለው የተለመደው ቱቦ 0.3 ሚሊ ሊትር 3.2% ሲትሬት (ካልሲየምን ይዞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ይይዛል፤ የሚፈልገው 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ነው፣ 9 ለ 1። ደሙ ካነሰ ትርፉ ሲትሬት በምርመራው ጊዜ የሚጨመረውን ካልሲየም ይይዘዋል፤ የመርጊያው ጊዜም ያለአግባብ ይረዝማል። ከ90% በታች የተሞላውን አትቀበሉ።

ክንድ ላይ የሚታሰረው ከ1 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ሰማያዊውን ከወይን ጠጁ የኢዲቲኤ (ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦ አስቀድሙ፤ ደም ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ፈጽሞ አይሆንም። ከዚያ 3 ወይም 4 ጊዜ በቀስታ ገለበጥ ገለበጥ አድርጉት። እርጎ አይደለም፣ አይናጥም፤ መናጥ ፕሌትሌቶችን (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ የደም ሕዋሳትን) ያነቃቃል።

ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሕዋሳት በደሙ ውስጥ ያላቸው ድርሻ) ከ55% ካለፈ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ስለሚያንስ ሲትሬቱን ቀንሱ፦ የሚያስፈልገው ሲትሬት = 0.00185 × (100 − ሄማቶክሪት) × የደሙ መጠን። ሄማቶክሪቱ 60% ለሆነ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም 0.2 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ቱቦውን በሴንትሪፊውጅ በ1500 ጂ (የመሬት ስበት 1500 እጥፍ) ለ15 ደቂቃ አሽከርክሩ። ፕላዝማው ውስጥ የሚቀረው ፕሌትሌት በማይክሮ ሊትር ከ10,000 በታች ይሁን፤ የተረፈው ፕሌትሌት ፒኤፍ4 የተባለ ፕሮቲን ለቅቆ ሄፓሪንን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ስለሚያከሽፍ ኤፒቲቲው ያጥራል። ሄፓሪን ለሚወስድ ታካሚ በ1 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማውን ለዩ። ያልተለየውን ደም ፍሪጅ አታስገቡ።