ተጠርጣሪ በወታደራዊ ካምፕ ሲታሰር አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

በሽብር ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ከፖሊስ ጣቢያ ይልቅ በጦር ካምፕ መያዙ ሲሰማ፣ ቤተሰቡ ደጅ ከመጥናት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያስቀመጠውን የ48 ሰዓት ገደብ ነው። የተያዘው ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ምክንያታዊ የጉዞ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ከዚያ በላይ ቢዘገይ ግን አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን መጠየቅ መብቱ ነው።

ሰውየው የተያዘው ከአዲስ አበባ ከሆነ፣ በቅድሚያ አራዳ በሚገኘው የጊዜ ቀጠሮ ችሎት (ምርመራው ያላለቀ ተጠርጣሪ በሚቀርብበት ችሎት) ተጠርጣሪው ቀርቦ እንደሆነ በሙሉ ስሙ እስከ አያት ይጠየቅ። ካልቀረበ አቤቱታው ልደታ ወደሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይወሰዳል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 አቤቱታው በቃለ መሐላ እንዲደገፍ ያዛል። በቃለ መሐላው ተጠርጣሪው በማን እጅ እንዳለ፣ የት እና እንዴት እንደተያዘ እንዲሁም ይህን የሚያስረዱ ምስክሮች ካሉ ስማቸው ይገለጻል። እስረኛው ራሱ መማል ስለማይችል ዘመዱ ሲምልለት፣ ያልቻለበት ምክንያት በግልጽ መጻፍ አለበት።

አቤቱታው በአብዛኛው የሚሰናከለው «በማን እጅ» በሚለው ላይ ነው። የያዘው ፖሊስ፣ የሚጠብቀው ሠራዊት ሲሆን አንዱ በሌላው ማሳበቡ አይቀርምና፣ በእኔ እምነት ፌዴራል ፖሊስንም መከላከያንም በተጠሪነት (ለአቤቱታው መልስ ሰጪ አድርጎ) መጥራት ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ከአዲስ አበባ የተያዙ ሰዎች በአፋር ክልል አዋሽ አርባ መቆየታቸው እንዳሳየው፣ ማቆያው ከከተማው እጅግ ሊርቅ ስለሚችል የካምፑ ስምና ወረዳ ጭምር ይጠቀስ። ማስረጃ የለኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ በር ላይ የተረከቡት ምግብ ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ከተመለሰ፣ ወይም ለእጥበት የወጣው ሸሚዝ የእርሱ መሆኑ ከታወቀ፣ ያደረሰውና የተረከበው ሰው ቀኑን ጠቅሶ ሊመሰክር ይችላል።

ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 178 መሠረት የያዘው አካል እስረኛውን ይዞ እንዲቀርብና የማይለቀቅበትን ምክንያት እንዲያስረዳ መጥሪያ ያወጣል። በቀጠሮው ቀን «እኛ ዘንድ የለም» የሚል መልስ ቢመጣ፣ መልሱ በኃላፊ ፊርማ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ምስክሮችም እንዲሰሙ ይጠየቅ። «ተለቋል» ከተባለም መቼና ለማን እንደተሰጠ እንዲገለጽ ማመልከት ያስፈልጋል። ትእዛዙ ሲሰጥ የመዝገቡን ቁጥርና የትእዛዙን ግልባጭ ሳይዙ ከግቢው መውጣት አይገባም፤ ግልባጩ ለተጠሪዎቹ ሲደርስም የተረከበው ሰው ፈርሞ የሚቀበልበት ቅጂ በእጅ ይቅር።