ምላሱን ሳትዳስሱ ባልዲ ውስጥ አትጨምሩት

የካቲት ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ወጣ እንዴ?» የሚጠይቁኝ ዋይት ባስ የሚባለው አሳ ከሐይቅ ወደ ወንዝ ወጥቶ እንደሆነ ነው። እዚህ ቴክሳስ ብዙ ሰው ሳንድ ባስ ይለዋል። ሁለቱም ስም የአንድ አሳ ነው፤ አትደናገሩ። ክንፍም ቅርፊትም ስላለው እናቶቻችን አይጠየፉትም። አምባዛ ይዤ ብገባ ግን ቤቴ ውስጥ የሚበላልኝ የለም።

አያያዙን አንድ ጠዋት ትለምዱታላችሁ። የሚከብደው ከሚመስሉት ዘመዶቹ መለየቱ ነው። ለዚህም ነው ከመለየቱ የምጀምረው።

ማጥመድ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከሬይ ሮበርትስ ሐይቅ ወደ ሉዊስቪል ሐይቅ በሚወርደው ኤልም ፎርክ ወንዝ ዳር ቆሜ ነበር። ስምንት አሳ ይዣለሁ። ሁሉንም በገመድ ሰክቼ ውሃው ውስጥ ትቻቸዋለሁ። አጠገቤ ያጠምድ የነበረ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ገመዴን አየና «ያ ወፍራሙ ዋይት ባስ አይደለም» አለኝ። እኔም መስመሮቹን አሳየሁት። ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች አሉ፣ ሆዱ ነጭ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ሰውየው አልተከራከረኝም። የአሳውን አፍ ከፈተና «አውራ ጣትህን አስገባ» አለኝ።

አስገባሁ። ምላሱ መሃል ወደ ጉሮሮው ጠጋ ብሎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ነገር አለ። ጣቴን ወደ ጎን ሳንሸራትት ለስላሳ ሆነ፤ ከዚያ እንደገና ሻከረ። ሁለት ናቸው። ከዚያ ከገመዱ ሌላ አሳ አወጣና አፉን ከፈተልኝ። እሱ ላይ የሚሻክረው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ዋይት ባስ ማለት ይሄ ነው፤ አንድ። ወፍራሙ ሃይብሪድ የሚባለው ዲቃላ ነበር። ለካነው፣ 16 ኢንች። ለሃይብሪድ የሚፈቀደው ደግሞ ከ18 ኢንች ጀምሮ ነው። በሕይወት ስለነበር ወዲያው ለቀቅኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ምላሱን ያልዳሰስኩት አሳ ባልዲዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አትፍሩ፣ አይነክስም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከጀርባው እሾህና ከስንጥቡ ክዳን ነው፤ ሁለቱም ይወጋሉ።

ሃይብሪድ ሰው ያዳቀለው አሳ ነው። በ1960ዎቹ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስትራይፐር የሚባለውን ትልቁን ዘመዱን እንቁላል በወንድ ዋይት ባስ ዘር አዳቀሉ። የተወለደው አሳ ቶሎ የሚያድግና ኃይለኛ ሆነ። ሐይቅ ውስጥ በራሱ ተራብቶ ስለማይዘልቅ ከመፈልፈያ ጣቢያ እየመጣ ይለቀቃል። በጸደይ ግን ልክ እንደ ዋይት ባስ ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንጠቆ ሁለቱንም ትይዛላችሁ።

ምላሱ ላይ ያሉት ሁለቱ ሻካራ ቦታዎች ሃይብሪድ ላይ አንዳንዴ በጣም ይቀራረባሉ። ጣት ሊሳሳት ይችላል። ያኔ መስመሮቹን ተመልከቱ። የዋይት ባስ መስመር ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እስከ ጭራው ድረስ የሚዘልቀው አንዱ ብቻ ነው። የሃይብሪድ ደመቅ ይላል፣ ከአንድ በላይ የሆኑት ጭራው ድረስ ይደርሳሉ፣ መሃል ላይ ግን ይቆራረጣሉ። የስትራይፐር ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ብዙዎቹ ሳይቆራረጡ ጭራው ጋ ይደርሳሉ። ሰውነቱንም እዩ። ስትራይፐር ረዘም ቀጠን ያለ ነው፤ ከጀርባ እስከ ሆድ ያለው ስፋት የርዝመቱን ሲሶ አይሞላም። ዋይት ባስና ሃይብሪድ ከሲሶ በላይ ናቸው፣ ጀርባቸው ጎበጥ ይላል። ስትራይፐር የስንጥቡ ክዳን ላይ ሁለት ሹል ጫፍ አለው፤ ዋይት ባስ አንድ። መስመሩን ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ። እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። ውሃው ሲደፈርስ የአሳው ቀለም ይገረጣል፣ መስመሩም ይጠፋል።

ወደ ምሥራቅ ቴክሳስ፣ ለምሳሌ ካዶ ሐይቅ፣ ከሄዳችሁ አራተኛ ዘመድ ታገኛላችሁ፤ የሎው ባስ። ወርቅማ ቢጫ ነው። ከሆዱ በኩል ያሉት መስመሮች ልክ ከኋለኛው የሆድ ክንፍ በላይ ተቆርጠው ዝቅ ብለው ይቀጥላሉ፣ የተሰበረ እርሳስ የገጠሙት ይመስል። ምላሱ ላይ ምንም ሻካራ ነገር የለም። ሁለቱ የጀርባ ክንፎቹም ሥራቸው ላይ ይያያዛሉ፤ የዋይት ባስ ለየብቻ ናቸው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሕጉ ስለሚለያይ ነው። በቴክሳስ አጠቃላይ ደንብ ዋይት ባስ ከ10 ኢንች ጀምሮ በቀን 25 ይፈቀዳል። ስትራይፐርና ሃይብሪድ ከ18 ኢንች ጀምሮ፣ ሁለቱ ተደምረው 5 ብቻ። ለየሎው ባስ ገደብ የለም። ቴክሶማ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ስትራይፐርና ሃይብሪድ በቀን 10 ይፈቀዳል፣ ከነዚህ ውስጥ 20 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። ደንቡ ስለሚሻሻል በየዓመቱ መስከረም አካባቢ አዲሱን እዩ። ስትለኩ አሳውን በጎኑ አስተኙት፣ አፉን ዝጉ፣ ጭራውን ሰብሰብ አድርጉ፤ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጫፍ። ከ17 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልጋል። በስቴት ፓርክ ውስጥ ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ግን ፈቃድ አይጠየቅም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ረጅም መንገድ መንዳት የማይከብዳችሁ ከቡካናን ሐይቅ በላይ ያለውን ኮሎራዶ ቤንድ ፓርክ ሞክሩ፤ በዋይት ባስ የታወቀ ቦታ ነው። ወንዙ የቴክሳሱ ኮሎራዶ ነው፣ የግራንድ ካንየኑ አይደለም።

አሁን ወደ ማጥመዱ። ዋይት ባስ ዓመቱን ሙሉ ሐይቅ ውስጥ ይኖርና የብርዱ ወራት ማለቂያ ላይ እንቁላል ሊጥል ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ወንዶቹ ቀድመው ይሄዳሉ፣ አንድ ወር ያህል። ሴቶቹ የሚከተሉት ውሃው ሞቅ ሲል ነው፤ ከ55 እስከ 65 ፋራናይት አካባቢ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ሬድበድ የሚባለውን ሐምራዊ አበባ ያለው ዛፍ ተመልከቱ። እሱ ሲያብብ አሳው ወንዙ ውስጥ ነው። እንደወጣ ለማወቅም ቀላል ነው፤ ያያዛችሁት ትንንሽ ሆኖ ሆዱን ጫን ሲሉት ነጭ ፈሳሽ ከወጣው ወንዶቹ ደርሰዋል። ሆደ ትልልቆቹ ሲመጡ ሴቶቹ ገብተዋል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ስድስት ተኩል ጫማ የሚሆን ቀላል ዘንግ፣ ትንሽ ስፒኒንግ ሪል (ክር መጠቅለያው)፣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፓውንድ ክር። ጫፉ ላይ አንድ ስምንተኛ አውንስ የሆነች ነጭ ጅግ (ራሱ ላይ እርሳስ ያለው መንጠቆ)፤ ሮድ ራነር የሚባለውና ከሥሩ የምትሽከረከር ትንሽ ቆርቆሮ ያለው ይበልጥብኛል። ውሃው ከደፈረሰ ነጩን በቢጫ አረንጓዴ ቀይሩት።

የምትጥሉበት ቦታ ወሳኝ ነው። አሳው ከወራጁ ጋር መታገል አይፈልግም። የወደቀ ግንድ ጀርባ፣ ወንዙ ሲታጠፍ ውስጠኛው ጎን፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ጠጠር ላይ ተንኳኩቶ ወደ ጥልቅ የሚገባበት ጫፍ፤ እዚያ ያርፋል። ጅጉን ከራሳችሁ ትንሽ ወደ ላይ ወርውሩና ወራጁ ያምጣው። እስኪሰምጥ ጠብቁ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጠቅልሉ፤ ቆርቆሮዋ መሽከርከሯ በእጃችሁ እስኪሰማችሁ ድረስ ብቻ። ጀማሪ የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ይቸኩላል። ጅጉ አልፎ አልፎ መሬቱን ካልነካ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ግንድ ላይ ተይዞ ይበጠሳልና አሥራ አምስት ጅግ ይዛችሁ ሂዱ። አሳው ሲይዝ የሚሰማችሁ አንድ «ጠቅ» ነው። አንዱን ካገኛችሁ ከቦታው አትነሱ፤ በመንጋ ነው የሚሄዱት።

በሙቀቱ ወራት ሐይቁ ውስጥ ናቸው፣ ሻድ የሚባሉትን ትንንሽ አሳዎች እያሳደዱ። ጠዋት ወይም አመሻሹ ላይ ውሃው ድንገት እንደ ፈላ ድስት ሲንተከተክ ታያላችሁ። ወፎቹ ቀድመው ያውቃሉ፤ እነሱ የሚያንዣብቡበትን እዩ። መሃላቸው አትወርውሩ፣ መንጋው ይሰምጣል። አሻግራችሁ ጣሉና መሃላቸው አሳልፉት። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ እጃችሁ ዝግጁ ይሁን።

ዋይት ባስ ይሸታል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አሠራሩን አላወቀበትም። አሳው እንደተያዘ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቱት። ቤት ስትገቡ ሥጋውን ከአጥንት ለዩት፣ ቆዳውን ግፈፉ። ከቆዳው ሥር በጎኑ መሃል ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ ተዘርግቶ ታገኛላችሁ። እሱን በስለታም ቢላ ገፍፋችሁ ጣሉት፤ ጠረኑ ያለው እዚያ ነው። የሚቀረው ነጭና ጠንከር ያለ ሥጋ ነው። እኔ ግማሹን ለጥብስ፣ ግማሹን በደቃቁ ከትፌ ለአሳ ዱለት አደርገዋለሁ። ለዱለቱ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ቀድማችሁ ክተፉ፣ አሳው መጥበሻ ላይ ብዙ አይቆይም።