የጋዝ ጉድጓዶችን ምርት ካርታ ላይ አውጥቶ ምርታማውን አካባቢ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ሥር ማርሴለስ ሼል የሚባል በጋዝ የበለፀገ የድንጋይ ንጣፍ አለ። የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን የሼል ጉድጓድ ወርሃዊ ምርት በነፃ ይፋ ያደርጋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሬቱን ለኩባንያ ያከራየ ገበሬም መረጃውን ራሱ አውርዶ ማየት ይችላል።

መረጃውን ማውረድ። አግድም የተቆፈሩትን፣ ማለትም ወደ ታች ወርደው በንጣፉ ውስጥ ወደ ጎን የሚሄዱትን የሼል ጉድጓዶች ብቻ ምረጡ። የድሮዎቹ ትንንሽ ጉድጓዶች ከገቡ ሥዕሉ ይበላሻል። የፈቃድ ቁጥር፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የጋዝ መጠንና ያመረተበት ቀን ብዛት ያስፈልጓችኋል።

ማስተካከል። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የሼል ጉድጓድ ምርት በመጀመሪያው ዓመት በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ አዲሱን ከአሮጌው አታወዳድሩ፤ የሁሉንም የመጀመሪያ 12 ወር ውሰዱ። ድምሩን ላመረተበት ቀን አካፍሉ፤ ዋጋ ሲወርድ ኩባንያዎች ጉድጓድ ይዘጋሉና። ቀጥሎ ከቁፋሮ መዝገቡ ላይ ባገኛችሁት የአግድሙ ርዝመት አካፍሉ።

ለምሳሌ አንዱ ጉድጓድ በቀን 10,000 ሺህ ኪዩቢክ ጫማ ይሰጣል እንበል፤ አግድሙ 3,000 ሜትር ነው። ሌላው 7,000 ሺህ ይሰጣል፤ አግድሙ 1,500 ሜትር ነው። ለሜትር ሲሰላ የመጀመሪያው 3.3 ሺህ፣ ሁለተኛው 4.7 ሺህ ነው። በምርት ያነሰው የተሻለ ቦታ ላይ ተቆፍሯል ማለት ነው። ይህን የዘለለ ካርታ የሚያሳየው ረጅም የቆፈረውን እንጂ ጥሩውን ድንጋይ አይደለም።

ካርታ ላይ ማውጣት። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ይበቃል። ሠንጠረዡን እንደ ነጥብ አስገቡት። የኬንትሮሱ የመቀነስ ምልክት ከጠፋ ጉድጓዶቻችሁ መካከለኛው እስያ ላይ ያርፋሉ። ከዚያ በሜትር ወደሚለካ ፕሮጀክሽን (ክብ ምድርን ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማውጫ ዘዴ) ቀይሩት፤ ለሰሜን ምሥራቁ ክፍል ዩቲኤም የሚባለው ዘዴ ዞን 18 ይሆናል።

ነጥቡ ያለው ጉድጓዱ መሬት ላይ በሚታይበት ቦታ ነው። ጋዙ ግን ከታች ከኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊመጣ ይችላል። የአግድሙ መጨረሻ ቦታ ካገኛችሁ ነጥቡን ወደ መሃሉ ውሰዱት።

አካባቢውን መለየት። ባለ 5 ኪሎ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ፍርግርግ ሥሩና በየክፍሉ የምርቱን መካከለኛ መጠን (ሚዲያን) አስሉ። ከአምስት ያነሰ ጉድጓድ ያለበትን ክፍል ባዶ ተዉት። ነጥቦችን ብቻ የሚቆጥረውን የሙቀት ካርታ (ሂትማፕ) አትመኑት፤ የሚያሳየው ጉድጓድ የበዛበትን ቦታ ነው።

በጠቅላላ ምርት ሰሜን ምሥራቅ ያለው ሱስኩዌሃናና ጎረቤቱ ብራድፎርድ ካውንቲ ጎልተው ይወጣሉ፤ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ዋሽንግተንና ግሪን። ምርቱን ለሜትር አስልታችሁ ደረጃቸው ይቀየር እንደሆነ ተመልከቱ። በደቡብ ምዕራቡ ጥግ ከጋዙ ጋር ፕሮፔንና ኢቴንም ይወጣል። ስለ ገንዘብ የምታስቡ ከሆነ እነዚህን በሌላ ዓምድ ያዟቸው።